ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን ወይስ የወር መርፌ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች የምርጫ መመሪያ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን እናት ሸዋ በር አካባቢ አገኙኝና እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸው ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ከዓመት በፊት ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረ። ቀጥሎ የሥራ ጓደኞቹ ሊመርዙት እንዳሴሩ እርግጠኛ ሆነ፣ ከቤት ውጭ ምግብ አልቀምስም አለ። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለ። ሃሎፔሪዶል ጀመረ፣ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተጣመመ። አሁን ሐኪሙ "ወይ ሪስፔሪዶን እንቀይርለት፣ ወይ በወር አንዴ መርፌ እንጀምርለት፣ ተማከሩና ኑ" ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ "አንቺ ልጄ፣ በወንድምሽ ስንቱን አይተሻል፣ የትኛው ነው የሚሻለው?" አሉኝ።

አብሽሩ እናቴ ብዬ የቻልኩትን ነገርኳቸው። ግን መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ አልነበረም። ማታ ቤት ገብቼ የነገርኳቸውንም ያልነገርኳቸውንም መጻፍ ጀመርኩ።

ሐኪም አይደለሁም። ወንድሜ ከታመመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ በእነዚህ ዓመታት አምስት መድኃኒት ቀያይሯል፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ እያንዳንዱን አብሬው ኖሬዋለሁ። መጠኑን የሚወስነው፣ የሚቀይረውና የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ፊት የምትቀመጡት አሥር ደቂቃ ነው። ምን እንደምትጠይቁ ሳታውቁ ከገባችሁ የመድኃኒት ወረቀት ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ጥያቄው ሐረጎን ስትወርዱ ትዝ ይላችኋል።

"የቱ ነው ኃይለኛው?"

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱ ግን ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ምክንያቱም ድምፅን፣ ጥርጣሬን፣ የተምታታ ሐሳብን በማብረድ ረገድ ኋላ ከምመጣበት ከክሎዛፒን በስተቀር በመድኃኒቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። የድሮውም አዲሱም፣ ርካሹም ውዱም በዋናነት የሚሠሩት አንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሥራ በማብረድ ነው። አሜሪካ ውስጥ 1,493 ሕሙማንን እስከ 18 ወር የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። ከአዲሶቹ ጋር እንዲወዳደር የገባው አንድ የድሮ መድኃኒት ከአብዛኞቹ ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከመቶው 74 የሚሆኑት መጀመሪያ የተሰጣቸውን መድኃኒት 18 ወር ሳይሞላ ትተውታል። አንዳንዱ አልሠራለትም፣ አንዳንዱ አልተስማማውም፣ አንዳንዱ ራሱ በቃኝ አለ።

ስለዚህ እኔ ጥያቄውን እንዲህ አዙሬዋለሁ፦ ይህ ሰው፣ ይህን ሥራ እየሠራ፣ እዚህ ከተማ፣ በዚህ ኪስ፣ ለዓመታት ሳያቋርጥ ሊወስደው የሚችለው የትኛውን ነው?

"መድኃኒቱ የግድ ነው ወይ?" ለሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል። 65 ጥናቶችን ደምሮ ያየ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ነበር። ከተሻላቸው በኋላ መድኃኒቱን ከቀጠሉት ውስጥ በአንድ ዓመት ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመቶ 27 ናቸው። ወደ ባዶ ኪኒን ከተቀየሩት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 64። በእኛም ቤት ያየሁት ከዚህ አይለይም።

ሌላው ጊዜ ነው። እንቅልፍና መረጋጋት በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ድምፁና ጥርጣሬው የሚለዝበው ግን ቀስ ብሎ በሳምንታት ነው። አንድ መድኃኒት "አልሠራም" የሚባለው በበቂ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይቋረጥ ከተወሰደ በኋላ ነው። በሳምንቱ "ምንም ለውጥ የለም" ብለው የሚያስቀይሩ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ሲሆን አራት መድኃኒት ተሞክሮ አንዱም በቅጡ ሳይታይ ይቀራል። ደግሞም ዝምታውን፣ ከሰው መሸሹን፣ ምንም ነገር አለመፈለጉን እነዚህ መድኃኒቶች ያን ያህል አይፈውሱትም። ድምፁ ጠፍቶ ልጁ አሁንም ጥግ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ መድኃኒቱን አትርገሙት። ያኔ የሚያስፈልገው ሥራ፣ ሰው፣ የሚወጣበት ምክንያት ነው።

ሃሎፔሪዶል

በየቦታው ይገኛል፣ ኪስ አይጎዳም። እንደ ሌሎቹ አያስተኛም፣ ያን ያህልም አያወፍርም። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ጡንቻ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ላየ ሰው በጣም ያስፈራል። የእኚህ እናት ልጅ አንገቱ ሲዞር ቤት የነበሩት "ጂኑ ነው" ብለው ዱዓ ያዙ። ደግነቱ አንድ ጎረቤት በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰው። አንድ መርፌ ተወጋ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ቀና አለ። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ማስለቀቂያ አለው። ጉሮሮውን ይዞ መተንፈስ ካስቸገረው ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቁ።

ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ቤት ሳይታወቅ የሚያልፍ ነው። እግር አላርፍ ይላል። ሰውየው ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ቆሞ እግሩን ይቀያይራል፣ ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል። ወንድሜ ሃሎፔሪዶል ላይ በነበረ ጊዜ ከበር እስከ መስኮት ሲመላለስ ነበር የሚነጋው። እኛ "ብሶበታል" ብለን ሄድን፣ መጠኑ ተጨመረለት፣ ጭራሽ ባሰበት። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስናሠቃየው ቆየን፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ እኛን ትታ እሱን ጠየቀችው። "የሚያስነሣህ ድምፁ ነው ወይስ እግርህ ነው?" አለችው። "እግሬ ነው፣ ውስጤን ይበላኛል" አለ። መጠኑ ተቀነሰ፣ ለእረፍት የለሽነቱ ፕሮፕራኖሎል ተጨመረለት፣ ከዚያ ተኛ። ስለዚህ ሰውየው መድኃኒት ከጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ መንቆራጠጥ ካመጣ፣ ሐኪሙ ዘንድ "ባሰበት" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። "መድኃኒቱ ይሆን ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው መገታተር ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፊት ይደርቃል፣ እርምጃ ያጥራል። ለዚህና ለአንገቱ መጣመም አርቴን ይታዘዛል። አርቴን ይረዳል፣ ለእግር ዕረፍት ማጣት ግን እምብዛም ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስረሳል፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ለሌላ ስሜት ብሎ ይለምደዋል። ለዓመታት ዝም ብሎ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለምና "አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?" እያላችሁ በየቀጠሮው ጠይቁ።

የመጨረሻው ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ነው። ከንፈርና ምላስ ሳይታዘዙ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጫት ወይም ማስቲካ የሚያኝክ ይመስላል። መድኃኒቱ ቢቆምም ላይለቅ ይችላል። ማንኛውም የዚህ ወገን መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል፣ የድሮዎቹ ግን ይብሳሉ። ሳይዘገይ ከታየ መላ አለውና አፉንና ጣቶቹን በየስድስት ወሩ እንዲያዩለት ጠይቁ።

ክሎርፕሮማዚን

ከሁሉም በፊት የመጣው እሱ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1952 ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ። እንቅልፍ ላጣና ለሚረበሽ ሰው ማታ ማታ ይጠቅማል። ግን ቀንም ያደነዝዛል፣ ከአልጋ ድንገት ሲነሡ ግፊት ወርዶ ይጥላል፣ ቆዳን ፀሐይ እንዳይችል ያደርጋል። ደሴ ላይ ጦሳ ሥር ጉም ለብሶ ለሚውል ሰው ይህ ላይታወቀው ይችላል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ፀሐይ ለሚመታው የቀን ሠራተኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው እኔ አልመርጥለትም።

ሪስፔሪዶን

ለእኚህ እናት ልጅ ልቤ ያዘነበለው ወደዚህ ነው። በዝቅተኛ መጠን ከሃሎፔሪዶል ይልቅ ጡንቻን ያነሰ ያስቸግራል፣ ብዙ አያስተኛም፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ማታ አንዴ ተውጦ ያበቃል። አብዛኛው ሰው በቀን ከ2 እስከ 6 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ይረጋጋል። ከ6 በላይ ሲወጣ ግን እንደ ሃሎፔሪዶል መገታተር ያመጣል። "አዲስ ስለሆነ አይጎዳም" ብላችሁ መጠኑ ዝም ብሎ ሲጨምር አትዩ።

ስለ ሪስፔሪዶን በግልጽ ማውራት የምፈልገው ሰው አፍሮ የማይናገረውን ነው። ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ከፍ ያደርጋል። ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ይዛባል ወይም ይቀራል፣ ሳትወልድ ከጡቷ ወተት ሊወጣ ይችላል። አስቡት፣ ያላገባች ልጅ የወር አበባዋ ሁለት ወር ቢቀር ቤት ውስጥ ምን እንደሚነሣ! አንዲት የማውቃት ልጅ እናቷ "ከማን ነው?" ብለው ሌሊቱን ሲያስለቅሷት አደሩ። መድኃኒቱ ነበር። ልጅቷ በማግስቱ መድኃኒቱን ጣለች፣ በሁለት ወር ሕመሙ ተመለሰ። ቀድሞ አንድ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ትዳር ያላት ከሆነች ደግሞ እርግዝና ሊያዘገይ ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ የወር አበባ ቀረ ማለት ማርገዝ አይቻልም ማለት አይደለም፣ ምርመራ ያስፈልጋል። ወንድ ከሆነ የወሲብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ብልቱ እምቢ ሊለው ይችላል። ወንዶች ይህን ለእናታቸው አይነግሩም፣ ዝም ብለው ኪኒኑን ያቆማሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ልጁ ለብቻው የሚገባበት ሁለት ደቂቃ ስጡት። መጠን በመቀነስ ወይም በመቀየር የሚስተካከል ነገር ነው።

ሰውነትም ይጨምራል፤ እንደ ኦላንዛፒን ባይሆንም።

ኦላንዛፒን

ያረጋጋል፣ ያስተኛል፣ አንገት ማጣመሙና መገታተሩ በጣም ያነሰ ነው። ያ የአሜሪካው ጥናት ላይ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይተወው የቆየው በኦላንዛፒን ነበር። የከሰረበትም ክብደት ላይ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያወፈረው እሱ ነበር።

የእኛ አገር ችግር እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲወፍር "ተመስገን፣ ዳነ፣ አማረበት" እንላለን። ወንድሜ ኦላንዛፒን በጀመረ በአምስት ወሩ አሥራ ሦስት ኪሎ ጨመረ። እናቴ በደስታ ተጨማሪ እንጀራ ታቀርብለት ነበር። ስኳሩ ከፍ ብሎ የተገኘው ለሌላ ነገር ደም ሲሰጥ በአጋጣሚ ነው። ኦላንዛፒን ከመረጣችሁ ገና ሳይጀመር ክብደቱን፣ የወገቡን ልክ፣ የጾም ስኳሩን፣ ግፊቱንና የደም ቅባቱን አስለኩና ጻፉት። በሦስተኛው ወር ድገሙት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ክብደቱን ግን በየወሩ እዩት፣ ሚዛን በየመድኃኒት ቤቱ በር ላይ አለ። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀድመው ይቀነሱ። በቤተሰብ ስኳር በሽታ ካለ ይህን ለሐኪሙ ሳትናገሩ ኦላንዛፒን አትጀምሩ። ክብደቱ እምቢ ካለ ሜትፎርሚን የሚጨምሩ ሐኪሞች አሉ፣ ይረዳል።

ለሚያጨስ ሰው ደግሞ፦ የሲጋራ ጭስ ኦላንዛፒንንና ክሎዛፒንን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወጣል። ሰውየው ሲጋራ ድንገት ሲያቆም መድኃኒቱ በደሙ ይከማቻል፣ ያደነዝዘዋል። ሲጋራ ማቆሙ ግሩም ነው፣ ብቻ ሐኪሙ ቀድሞ ይወቅ።

የወር መርፌ

እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን ነው፣ ሞዲኬት የሚሉትም አሉ። በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል።

መርፌ የማይተካ ጥቅም አለው። በየቀኑ "ዋጥክ? አልዋጥክም?" የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል። ያ ጭቅጭቅ ስንት ቤት እንዳፈረሰ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጁ አብሯቸው ከሚያድር ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ ከሆነ ኪኒን ማንም አያይበትም። ቀጠሮ ሲያልፍ ወዲያው ይታወቃል፣ ኪኒን ግን ለሳምንታት ሲጣል ላይታወቅ ይችላል። ከኩታበር ወይም ከአምባሰል ገጠር ለሚመጣ ሰው የመርፌው ቀን ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥምለት በአንድ ጉዞ ሁለት ጉዳይ ይጨርሳል።

ግን አንዴ ከገባ አይወጣም። ኪኒን ቢያስቸግር ነገ ይቆማል። መርፌ ቢያስቸግር መገታተሩም እረፍት ማጣቱም ሳምንታት ይቆያል። ፍሉፌናዚን ደግሞ በጠባዩ የሃሎፔሪዶል ዘመድ ነው፣ ጡንቻ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ በሃሎፔሪዶል አንገቱ የተጣመመን ልጅ በቀጥታ ወደዚህ መርፌ ማስገባት እኔን ያስፈራኛል። ከተመረጠም በትንሽ መጠን ተሞክሮ፣ ታይቶ መሆን አለበት፤ እናትየዋም ይህን እንዲጠይቁ ነግሬአቸዋለሁ።

ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ መርፌን ማስፈራሪያ አታድርጉት። "ካልዋጥክ ትወጋለህ" የተባለ ሰው መርፌውን እንደ ቅጣት ነው የሚያየው። ወንድሜ ዛሬ መርፌ ላይ ነው፣ ራሱ ጠይቆ ነው የጀመረው፣ ቀጠሮውን ከእኔ በላይ የሚያስታውሰው እሱ ነው።

ክሎዛፒን

ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው እምቢ ካሉ፣ ሦስተኛና አራተኛ ዘመዳቸውን ማሽከርከር ብዙ አያዋጣም። ያኔ የክሎዛፒን ስም መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ጥናት ሌሎች መድኃኒቶች እምቢ ያሏቸው 268 ሕሙማን ገብተው ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ በክሎዛፒን ከመቶ 30ዎቹ ተሻላቸው፣ በክሎርፕሮማዚን ከመቶ 4ቱ ብቻ። ራስን የማጥፋት ሐሳብንም በመቀነስ የታወቀ ነው።

ዋጋው ግን ክትትሉ ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። በተለመደው አሠራር ደም ለመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት በየሳምንቱ ይታያል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚወስነው መሠረት እየራቀ ይሄዳል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ተብሎ አይተኛም፣ በዚያው ቀን ደም ይታያል። ሆድ ድርቀቱም ቀልድ አይደለም፣ አንጀት እስከመዝጋት ሊደርስ ይችላል። ያስተኛል፣ ምራቅ ያበዛል፣ ያወፍራል። ከሁለት ቀን በላይ ከተቋረጠ በድሮው መጠን አይቀጠልም፣ ከትንሹ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ቤታችሁ ከደም ምርመራው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የሚገኝ መሆኑን ሳታጣሩ አትጀምሩት። ከተሟላላችሁ ግን አትፍሩት። ለዓመታት ሳይሻለው የኖረ ሰው ይህ ዕድል ሊነፈገው አይገባም።

አሪፒፕራዞልና ኩቲያፒን የሚባሉም አሉ። አሪፒፕራዞል በክብደትም በፕሮላክቲንም ከሁሉም ቀለል ይላል፣ ግን እግር ላያሳርፍ ይችላል። ኩቲያፒን ጡንቻ አይነካም ማለት ይቻላል፣ ያስተኛል፣ ክብደት ይጨምራል። የሁለቱንም ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የስድስት ወር ሒሳብ አስሉና ከቻላችሁት ብቻ ግቡበት። በሁለተኛው ወር ገንዘብ አልቆ ከሚቋረጥ ጥሩ መድኃኒት፣ ሳይቋረጥ የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት ይሻላል። የጤና መድን ካርድ ካላችሁም የትኛውን እንደሚሸፍን ከመታዘዙ በፊት ጠይቁ።

የእኛ አገር ጉዳዮች

ስለ ጫት ሳላወራ ብቀር ወሎዬ አይደለሁም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ከፍ ያደርጋል፣ መድኃኒቱ ደግሞ የዶፓሚንን ሥራ ይዘጋል። ሐረጎን ሲወርድ ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ የሚረግጥ ሹፌር ማለት ነው። ሰውየው እየቃመ መድኃኒቱ ሲያቅተው መጠን ይጨመራል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ይጨምራል፣ እንቅልፉ ይጠፋል። የሚቅም ከሆነ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት፤ "አይቅምም" ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት በተሳሳተ ወሬ ላይ የተመረጠ ነው። ወዳጃ ላይ መቀመጥ ይችላል፣ ዱዓው አለ፣ ቡናው አለ፣ አሚን ማለት አለ። ብቻ ምርቃናው ይቅርበት። ጎረቤትም "አንድ እንጨት ብቻ" እያለ ባይዘረጋለት መልካም ነው።

ረመዳንና ጾም ሲመጣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያቆማል። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ሐኪሙ ካስተካከለላቸው ማታ አንዴ መወሰድ ይችላሉ፤ ከፊጥር በኋላም ከጾም ምግብ በኋላም ይሆናል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጠይቁ። ለታመመ ሰው ጾም እንዴት እንደሆነ ደግሞ ኢማሙን ወይም የንስሐ አባቱን ጠይቁ።

ጸበል ሂዱ፣ ሩቅያ አስደርጉ፣ ግሸን ውጡ፣ እኔም ወጥቻለሁ። የምለምናችሁ ኪኒኑም በኪሳችሁ አብሮ እንዲሄድ ነው። እኛ አንድ ጊዜ "ሰባት ቀን መድኃኒት እንዳይነካ" ተብለን እሺ አልን። ወንድሜ በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ከቤት ወጥቶ ሁለት ቀን ጠፋ። ተገኘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ለመመለስ አራት ወር ፈጀበት።

ክምችት ያዙ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር፣ እኛ ቤት መድኃኒት ያለቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ከሌለ አልተኛም። ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው መድኃኒት የምንፈልገው። መድኃኒቱን ሐኪሙ ከጻፈው ወረቀት ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጡት።

ሲሻለው ምን ይሁን? መጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ሰው ብዙ ሐኪሞች ከተሻለው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ዓመት እንዲቀጥል ያደርጋሉ። ደጋግሞ ያገረሸበት ከዚያም ይረዝማል። ማቆም የሚቻለውም ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ ለወራት ቀስ እየተባለ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነችም በድንጋጤ በአንድ ቀን አታቁም፣ በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ።

እነዚህን ግን ለቀጠሮ አታቆዩ፤ ኃይለኛ ትኩሳት ከሰውነት መገታተርና ከመደናገር ጋር ከመጣ ቀጣዩን መድኃኒት ሳትሰጡ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። "ልሙት" ማለት ከጀመረ ወይም ድምፁ ራሱን እንዲጎዳ ካዘዘው ብቻውን አትተዉት፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

እናትየዋ ምን አደረጉ?

ከሁለት ቀን በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ ነበረ። እስካሁን እሱን ማንም አልጠየቀውም ነበርና "አንተስ ከሁሉ የሚያስፈራህ ምንድን ነው?" አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። "አንገቴ እንደዚያ እንዳይሆን። ደግሞ ማሽን ላይ እንዳልተኛ" አለ። መርፌውን ጠላኸው ወይ ስለው "ኧረ እኔ መርፌ አልፈራም፣ እንዳይገትረኝ ነው" አለ። ቡና እየጠጣን ጥያቄዎቹን በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍን፦ አንገቱ እንዳይመለስበት የትኛው ይሻላል፣ የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ስንት ሰዓት ይውጠው፣ ስንት ሳምንት እንጠብቅ፣ ስኳርና ክብደት መቼ ይታይ፣ ኋላ መርፌ ቢፈልግ ይቻላል ወይ። በመጨረሻ ልጁ ራሱ እስክርቢቶውን ተቀብሎኝ አንድ ጨመረ፣ "ከሐኪሙ ጋር ለብቻዬ" ብሎ።

ሐሙስ ዕለት ሄዱ። ሪስፔሪዶን 2 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ፣ ቀጠሮ በሁለት ሳምንት። ሐኪሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው አሉኝ። እናትየዋ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለዋል፣ ልጁ በዋጠ ቁጥር ራሱ ምልክት ያደርግበታል። ትላንት ሳልፍ ስድስት ምልክት ነበረው፣ አንገቱም ደህና ነው።